ውሃው መንገዱን ሳይቆርጥ መወሰን፦ ጎርፍ በሚያሰጋው አካባቢ ለሚሠሩ ሜትሮኖችና የክፍል ኃላፊ ነርሶች

ጎርፍ በሚመጣበት ሌሊት ሥራ አስኪያጁ ለስብሰባ ዞን ሄዶ፣ ሐኪሙ ከተማ አድሮ፣ ኔትወርክም ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ታካሚዎቹ ግን አልጋ ላይ ናቸው፤ አጠገባቸው ያለችውም ነርስ ናት። «እናንሳቸው ወይስ እንጠብቅ? ወዴት? ማንን አስቀድመን?» የሚለው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው የነርሲንግ ኃላፊው ጫንቃ ላይ ነው። ይህ መመሪያ በፎገራና በደንቢያ ሜዳ፣ በአዋሽ፣ በባሮ፣ በኦሞና በዋቢ ሸበሌ ዳርቻ ላሉ ጤና ጣቢያዎችና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች የተዘጋጀ ነው። ፎቅ ያለው ትልቅ ሆስፒታል ታካሚውን ወደ ላይ ማውጣት ይችላል፤ ምድር ቤት ብቻ ላለው ተቋም ግን ያ ምርጫ የለም።

1. ጎርፍዎ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለዩ

ደራሽ ውሃና ሞልቶ የሚተኛ ውሃ አንድ ዓይነት ውሳኔ አይፈልጉም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን የመታው የደቻቱ ጎርፍ የመጣው ሰው በተኛበት ሌሊት ነው። ዝናቡ የጣለው ከከተማው በላይ ባለው ደጋ ስለነበር የከተማውን ሰማይ አይቶ መገመት አይቻልም ነበር። በዚያው ክረምት በዳሰነች ወረዳ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ብዙ ሕይወት አጥፍቷል። ርብና ጉማራ ፎገራ ላይ ሲሞሉ ደግሞ ውሃው ሜዳው ላይ ተኝቶ ይሰነብታል።

ተቋምዎ ደራሽ ውሃ በሚያሰጋው ቦታ ካለ የሚኖርዎት ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ውሳኔው አንድ ብቻ ነው፦ ሁሉም ወዲያው ወደ ከፍታ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ዕቃ ማትረፍ የለም። ሞልቶ የሚተኛ ውሃ ከሆነ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይኖርዎታል። አደጋው ታዲያ ያ ሰፊ ጊዜ ራሱ ነው፤ «ትንሽ እንየው» እየተባለ መንገዱ ይቆረጣል። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ምክር ለሁለተኛው ዓይነት ነው።

2. ከሰኔ በፊት የሚያልቁ ሥራዎች

ምልክት ይትከሉ። ከቅርቡ ድልድይ ወይም ከወንዙ ዳር ካለ ቋሚ ግንብ ላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቀለም ይቀቡ። ቢጫና ቀይ መስመር ይኑረው፤ ቢጫው የመዘጋጃ፣ ቀዩ የመነሻ ነው። መስመሮቹ የት ላይ እንደሚሆኑ በተራ ቁጥር 3 ያለው ስሌት ይነግርዎታል። ማታ ማታ ማን ባትሪ ይዞ እንደሚያነበው በስም ይወሰን፤ ብዙ ጊዜ የሚሆነው የጥበቃ ሠራተኛው ነው። ከላይኛው ተፋሰስ ያለ ጤና ጣቢያ ስልክም ይያዙ። እዚያ ከባድ ዝናብ ሲጥል ቢደውሉልዎ የሚያገኙት ሰዓት ከየትኛውም መሣሪያ ይበልጣል። በአዋሽ ታችኛው ክፍል ያላችሁ ደግሞ ከቆቃ ግድብ ውሃ ሲለቀቅ ወረዳው ለተቋሙ በቀጥታ እንዲያሳውቅ ቀድማችሁ አስማሙ።

ሥልጣኑን በጽሑፍ ይያዙ። ውሳኔ የሚዘገይበት ዋናው ምክንያት አለማወቅ አይደለም፤ ፈቃድ መጠበቅ ነው። ሥራ አስኪያጁ እንዲህ የሚል አጭር ደብዳቤ ፈርሞ ማኅተም ያድርግበት፦ «ውሃው ቀይ ምልክት ሲደርስ ወይም ግንኙነት ሲቋረጥ በሥራ ላይ ያለው የነርሲንግ ኃላፊ ታካሚዎችን የማዛወር፣ አምቡላንስ የማዘዝና ከመጋዘን የድንገተኛ መድኃኒት የማውጣት ሥልጣን አለው።» አንዱ ቅጂ በነርሶች ክፍል፣ አንዱ በፋርማሲ፣ አንዱ በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። የመጋዘኑና የጀነሬተሩ ትርፍ ቁልፍ ከደብዳቤው ጋር በአንድ ፖስታ ታሽጎ ይኑር። ደብዳቤው ኖሮ ቁልፉ ከተማ ያደረ ባለሙያ ኪስ ውስጥ ከሆነ ደብዳቤው ወረቀት ብቻ ነው።

የዲዩቲ ፕሮግራሙን በወንዙ ልክ ያውጡ። የእያንዳንዱን ሠራተኛ ስም «ማዶ» እና «ወዲህ» በሚል ይከፋፍሉ። ውሃ ሲሞላ ከማዶ ያለው አይደርስም፤ ይህ የሥነ ምግባር ጉዳይ አይደለም። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ጳጉሜን ባለው ጊዜ በየሌሊቱ ተረኛ ከሆኑት ቢያንስ ግማሾቹ ወዲህ የሚኖሩ ይሁኑ። አዋላጅ ነርሷና ጀነሬተሩን ማስነሣት የሚችለው ሰው ሁለቱም ማዶ ከሆኑ ፕሮግራሙ ገና ከአሁኑ ፈርሷል ማለት ነው። በየቤቱ ሕፃን ልጅ፣ አቅመ ደካማ ወላጅ ወይም ሌላ ጥገኛ ያለበትን ሠራተኛም ጠይቀው ይመዝግቡ። ቤተሰቡ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ሥራ ላይ ልቡ አይቆምም፤ የሠራተኛ ቤተሰብ የት እንደሚጠለል አስቀድሞ የተወሰነበት ተቋም ሠራተኛው ይመጣለታል።

3. መውጣት ወይስ መቆየት? ስሌቱ

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ውሃው ክፍል የሚገባበትን ሰዓት ስለሚያስቡ ነው። ቁርጡ ሰዓት ግን መውጫው መንገድ የሚቆረጥበት ነው፤ ብዙውን ጊዜ መንገዱ ከሕንፃው በፊት ይሰምጣል። ስለዚህ መለካት ያለበት ከተቋሙ እስከ መጠለያው ባለው መንገድ ላይ ያለው ዝቅተኛ ቦታ ነው።

ታካሚዎችን በየማለዳው በሦስት ይክፈሉ፦ በእግሩ የሚሄድ፣ ተደግፎ የሚሄድ፣ በቃሬዛ የሚሄድ። 31 ታካሚ አለ እንበል፤ 17 በእግራቸው፣ 8 በድጋፍ፣ 6 በቃሬዛ። መጠለያው ከፍታ ላይ ያለ ትምህርት ቤት ነው፤ በጭቃ ደርሶ መልስ 50 ደቂቃ ይፈጃል። ከሠራተኛ፣ ከአስታማሚና ከሰፈር ሰው 18 ጉልበት ያለው ሰው ተገኝቷል።

ለአንድ ቃሬዛ 4 ሰው ያስፈልጋል። 8 ሰው በሁለት ቡድን ሆኖ 6 ታካሚ ለማድረስ 3 ዙር፣ ማለትም 150 ደቂቃ ይወስድበታል። ሌሎቹ 8 ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው አንድ አንድ ታካሚ ቢደግፉ በ2 ዙር፣ በ100 ደቂቃ ይጨርሳሉ። ቀሪዎቹ 2 ደግሞ 17ቱን በአንድ ጊዜ ይመራሉ። ረጅሙ ጊዜ 150 ደቂቃ ነው፤ ለዝግጅት 30 ደቂቃ ሲጨመር 3 ሰዓት ይሆናል። ሌሊት ወይም ዝናብ ከሆነ ግማሹን ይጨምሩበት፦ 4 ሰዓት ተኩል።

አሁን ወደ ወንዙ ይመለሱ። ውሃው በሰዓት 20 ሳንቲ ሜትር እየጨመረ ከሆነ በ4 ሰዓት ተኩል 90 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል። ስለዚህ ቀዩ መስመር መንገዱ ከሚቆረጥበት የውሃ ከፍታ 90 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መቀባት አለበት። ቢጫው ከዚያ ሌላ 60 ሳንቲ ሜትር ይውረድ። በሰዓት የሚጨምረውን መጠን ከግምት አይውሰዱ፤ በየ30 ደቂቃው አንብበው ይጻፉት። ፍጥነቱ ከ20 ከበለጠ ቀይ መስመር ሳይደርስም ይነሱ።

ውሃው ቀይ ሲደርስ ስብሰባ የለም። ስብሰባው መስመሩ የተቀባ ዕለት ተደርጎ አልቋል።

መቆየት የሚሻለው ሦስት ነገሮች አብረው ሲሟሉ ብቻ ነው፦ ወለሉ ከታወቀው ከፍተኛ የጎርፍ ምልክት በላይ ነው፤ ለ72 ሰዓት የሚበቃ ውሃ፣ ነዳጅ፣ ምግብና መድኃኒት አለ፤ ውሃ ሲከባችሁ ደም ወይም ቀዶ ሕክምና ሊፈልግ የሚችል ታካሚ የለም። አንዱ ከጎደለ ይውጡ። የመጨረሻውን ነጥብ በተመለከተ ከልብ የምንመክረው፣ በእናቶች ማቆያ ያሉ እናቶችን ገና በቢጫው እንድታሳልፉ ነው። ቀድሞ በቀዶ ሕክምና የወለደች ወይም መንታ የያዘች እናት ውሃ በከበበው ጤና ጣቢያ ውስጥ ምጥ ሲይዛት ማየት የሚችል ልብ የለም።

አምቡላንስን በተመለከተ አንድ ሕግ ይኑር፦ በሚፈስ ውሃ ላይ ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ መኪና አይሻገርም። 15 ሳንቲ ሜትር ፈጣን ውሃ አዋቂ ሰው ይጥላል፤ 60 ሳንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ሾፌሩ «መንገዱን አውቀዋለሁ» ቢልም አይፍቀዱ፤ ከውሃው ሥር መንገዱ ተቦርቡሮ እንደሆነ እሱም አያይም።

4. የማንሳት ቅደም ተከተል

ውሃው ደጃፍ ላይ ከሆነ በእግራቸው የሚሄዱትን ያስቀድሙ፤ በትንሽ ጉልበት ብዙ ሰው ይተርፋል፣ ለቃሬዛውም መንገድ ይለቀቃል። ጊዜ ካለ ግን ተቃራኒውን ያድርጉ፤ ብዙ ዝግጅት የሚፈልገው ጠና ያለው ታካሚ በብርሃን፣ ጉልበት ሳይደክም ይሂድ።

እያንዳንዱ ታካሚ ሲወጣ ክንዱ ላይ ሰፊ ፕላስተር ይለጠፍና በእስክሪብቶ ይጻፍበት፦ ስም፣ ሕመም፣ የመጨረሻው መድኃኒትና የተሰጠበት ሰዓት፣ ቀጣዩ መቼ እንደሆነ። ካርዱ ድርብ ፌስታል ውስጥ ታስሮ ደረቱ ላይ ይሁን። ካርድ ይጠፋል፣ ቀለሙም ይለቃል፤ ክንድ ላይ ያለው ፕላስተር ግን አብሮ ይደርሳል። ለጊዜው ሊቋረጥ የሚችል ግሉኮስ ሁሉ ይነቀልና ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ ያለው ቱቦ) በሳላይን ታጥቦ ይዘጋ፤ የተንጠለጠለ ከረጢት ቃሬዛ ላይ ተጎትቶ ካኑላውን ይዞት ይወጣል። ለኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የደም ግፊት ለሚመጣ መንቀጥቀጥ) ማግኒዚየም ሰልፌት በጡንቻ የምትወስድ እናት በየ4 ሰዓቱ 5 ግራም መቀጠል አለባት። ከመስጠትዎ በፊት ትንፋሿ በደቂቃ 16ና ከዚያ በላይ መሆኑን፣ የጉልበት ሪፍሌክስ መኖሩንና ሽንቷ ባለፉት 4 ሰዓታት በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር አለማነሱን ያረጋግጡ። የማግኒዚየሙ ማርከሻ ካልሲየም ግሉኮኔት አብሯት ይሂድ።

ጨቅላ ሕፃን በእናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ ታስሮ ይሄዳል፤ ማሞቂያ አይጎተትም። የሁለቱም ክንድ ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ይደረግ። ለመውለድ የተቃረበችን እናት ውሃ ክፍሉ ካልገባ በቀር አያንሱ፤ ትውለድና የእንግዴ ልጁ ወጥቶ፣ ደሙ መቆሙ ታይቶ ትሂድ።

ከወረቀት የሚነሱት አራት ናቸው፦ የኤችአይቪ ሕክምና መዝገብ፣ የቲቢ መዝገብ፣ የወሊድ መዝገብና የክትባት መዝገብ። ቁጥጥር የሚደረግባቸው ፔቲዲን፣ ሞርፊንና ዲያዜፓም በሁለት ሰው ፊርማ ተቆጥረው ይወጣሉ። ውሃው ሶኬት ሳይነካ ዋናው ቆጣሪ ይጥፋ። ሳይወጣ የሚቀር ሰው እንዳይኖር ሽንት ቤቱን ጨምሮ ሁሉም ክፍል ይታይና የታየው በር ላይ በፕላስተር ኤክስ ይደረግበት።

5. ኦክስጅንና ክትባት

ከአየር ኦክስጅን የሚያወጣው ኮንሰንትሬተር ያለ መብራት ጌጥ ነው። የሲሊንደሩን ዕድሜ እንዲህ ያስሉ፦ የሲሊንደሩ የውሃ መጠን በሊትር ሲባዛ በጌጁ (በግፊት መለኪያው) ባር፣ ሲካፈል በደቂቃ በሚፈሰው ሊትር። 40 ሊትር ሲሊንደር 100 ባር ቢያሳይ 4,000 ሊትር አለው። ለሁለት ታካሚ በደቂቃ 2፣ 2 ሊትር ቢሰጥ 1,000 ደቂቃ፣ 16 ሰዓት ተኩል ይሆናል። አንድ አምስተኛውን ለመጠባበቂያ ቀንሰው በ13 ሰዓት ያቅዱ። ጌጁ በፒኤስአይ ከሆነ ለ14.5 ያካፍሉት።

ክትባትና ኦክሲቶሲን (ከወሊድ በኋላ ደም እንዲቆም የሚሰጠው መርፌ) ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ይጓዛሉ። በችኮላ የሚፈጸመው ስህተት በረዶውን ከፍሪዘር አውጥቶ በቀጥታ ካሪየር (የክትባት ማጓጓዣ ሣጥን) ውስጥ መክተት ነው፤ ፔንታቫለንት፣ ፒሲቪና ቲዲ የተባሉት ክትባቶች በረዶ ይሠራሉ፣ በረዶ የሠራም ክትባት ዋጋ የለውም። የበረዶ ጥቅሉን ሲያንቀሳቅሱት ውስጡ ውሃ ሲንቀጫቀጭ እስኪሰማ ድረስ ውጭ ይቆይ።

6. ከውሃ የወጣ ሰው ሲመጣ

የተለመደው ባለ አራት ቀለም ትሪያጅ (ታካሚን በአጣዳፊነት መለየት) ይሠራል፤ ቀይ የሚሰጠው ትንፋሹ በደቂቃ ከ30 በላይ ለሆነ፣ ጥፍሩ ተጭኖ ሲለቀቅ ደሙ ለመመለስ ከ2 ሴኮንድ በላይ ለወሰደበት ወይም ትእዛዝ ለማይሰማ ነው። የመስጠም አደጋ ግን አንድ ልዩነት አለው። የሰውየው ልብ የቆመው በአየር እጥረት ነውና ጥቁር (ሞቷል ወይም አይተርፍም የሚለውን ቀለም) ከመስጠትዎ በፊት የአየር መንገዱን ከፍተው 5 ትንፋሽ ይስጡ። ደረት መጫን ከዚያ ይከተላል። ሆድ መጫንና ቁልቁል መዘቅዘቅ ትውከቱን ወደ ሳንባ ይሰዳል፤ ዘመድ ሲያደርገው ካዩ በትሕትና ግን በቆራጥነት ያስቁሙ። ደህና መስሎ የሚቀመጠውም ቢያንስ 6 ሰዓት ይታያል፤ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። እርጥብ ልብሱ ይውለቅ፣ በጋቢ ይጠቅለል።

ጎርፍ እባብንም ከጉድጓዱ ያወጣዋል። የእባብ መርዝ ማርከሻና ለቁስል የቲታነስ ክትባት በቢጫው ደረጃ ተፈልገው ይያዙ።

7. ውሃና ክሎሪን

ለተኛ ታካሚ በቀን ከ40 እስከ 60 ሊትር፣ ለተመላላሽ 5፣ ለአንድ ወሊድ 100 ሊትር ይያዙ። 30 ተኝቶ ታካሚ፣ 60 ተመላላሽና 2 ወሊድ ላለበት ጤና ጣቢያ ወደ 2,000 ሊትር፣ ለ3 ቀን 6,000 ሊትር ማለት ነው። ሮቶው የሚሞላው በቢጫ ነው፤ በቀይ ጊዜ ፓምፑ መብራት የለውም።

70 በመቶ ጥንካሬ ባለው የክሎሪን ዱቄት ለ20 ሊትር ጀሪካን፦ ለዕቃ፣ ለወለልና ለፈሰሰ ትውከት 140 ግራም (0.5 በመቶ)፣ ለእጅ 14 ግራም (0.05 በመቶ)። 5 በመቶ በረኪና ከሆነ ያለዎት አንዱን እጅ በ9 እጅ ውሃ ለመጀመሪያው፣ በ99 እጅ ውሃ ለሁለተኛው። ሚዛኑ በጭንቅ ሰዓት አይገኝምና አንድ ኩባያ በበጋው መዝነው 140 ግራም የሚደርስበት ላይ መስመር ያድርጉበት። ዱቄቱ ውሃ ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃው ዱቄት ላይ አይደለም፤ ዕቃውም ፕላስቲክ ይሁን። በየ24 ሰዓቱ አዲስ ይበጥበጥ።

ለመጠጥ የሚሆነው ውሃ ከ30 ደቂቃ በኋላ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ቀሪ ክሎሪን ሊኖረው ይገባል። ደፍርሶ ሳለ ክሎሪን ቢጨመር ጭቃው ይጨርሰዋል፤ አስቀድሞ ይጥለል፣ በጨርቅ ይጣራ። ውሃ አጋርም ሆነ ቢሻን ጋሪ የተባሉትን የውሃ ማከሚያዎች ሲጠቀሙ ልኩ የዕቃው ጽሑፍ ላይ ያለው ነው።

8. መዝገብና መልእክት

እያንዳንዱን ውሳኔ በአንድ ደብተር ይጻፉ፦ ሰዓት፣ በወቅቱ የታወቀው ነገር፣ የተወሰነው፣ ማን እንዲፈጽም፣ መቼ ዳግም እንደሚታይ። አንድ መስመር ይበቃል። ሰዓቱ ላይ ይጠንቀቁ፤ «8 ሰዓት» ለእኛ ሌሊት ወይም ከቀትር በኋላ ነው፣ ከውጭ ለመጣ የእርዳታ ቡድን ግን ጠዋት ወይም ምሽት ነው። የማግኒዚየም ሰዓት በ6 ሰዓት ሲዛነፍ ሰው ይጎዳል። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ» ብለው ሙሉውን ይጻፉ።

ለወረዳው የሚላከው መልእክት «ተጨንቀናል፣ ድረሱልን» ከሆነ የሚላከውም ዕርዳታ በግምት ይሆናል። እንዲህ ይሁን፦ «ከሌሊቱ 8፡30። 31 ታካሚ፣ 6 በቃሬዛ፣ 2 ኦክስጅን ላይ። ትምህርት ቤቱ ደርሰናል፣ ሰው አልጎደለም። ኦክስጅን እስከ ነገ ከቀኑ 9 ሰዓት ይበቃል። የምንፈልገው 2 ሲሊንደር፣ 40 ሊትር ነዳጅ፣ 1 አዋላጅ። መኪና የሚገባው በምሥራቁ መንገድ ነው።» አጭር መልእክት ጥሪ በማያሳልፍ ኔትወርክም ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ በስልክ ከመሞከር ጋር አብሮ ይላክ።

ዲዩቲው ከ12 ሰዓት አይለፍ። ሁሉም በመጀመሪያው ሌሊት ከሠራ በሁለተኛው ቀን የሚሠራ የለም፤ ግማሹን በግድም ቢሆን ያስተኙ። እርስዎም ተኪዎን ሰይመው ይተኙ።

9. ውሃው ሲሸሽ የሚመጣው

አተት የሚጀምረው በዚህ ጊዜ ነው። ኮሌራ የሚያጠራጥር አንድ ሰው እንኳ ቢታይ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለወረዳው ይነገራል፤ የላቦራቶሪ ውጤት አይጠበቅም። ለ100 ታካሚ ወደ 120 ሊትር ሪንገር ላክቴት (በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) ከነመስጫው እና 650 ከረጢት ኦአርኤስ (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ንጥረ ነገር) ያስፈልጋል። ማከሚያው ከግቢው ከፍተኛ ቦታ፣ ከውሃ ጉድጓድ ራቅ ብሎ፣ የራሱ ሽንት ቤት ያለው ይሁን።

በጣም ፈሳሽ ያነሰው ሰው በኪሎው 100 ሚሊ ሊትር በደም ሥር ያገኛል። ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ 30ው በግማሽ ሰዓት፣ 70ው በ2 ሰዓት ተኩል፤ ከ1 ዓመት በታች 30ው በ1 ሰዓት፣ 70ው በ5 ሰዓት። 50 ኪሎ ለሆነ አዋቂ 5 ሊትር ነው፤ አንድ ተኩሉ ሊትር በግማሽ ሰዓት ውስጥ መግባት አለበት። ሕይወት የሚጠፋው ነርሷ በለመደችው ጠብታ ቀስ አድርጋ ስትሰጥ ነው። ሰፊ ካኑላ፣ አስፈላጊ ከሆነም በሁለቱም ክንድ። በከፍተኛ ሁኔታ የተጎሳቆለ ሕፃን ግን በዚህ አይታከምም፤ የራሱን ፕሮቶኮል ይከተላል።

በተጨናነቀ መጠለያ ኩፍኝና በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ትኩሳት ይከተላሉ። ወባው ደግሞ ውሃው ከተኛ ከ4 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ይነሣል፤ ስለዚህ የወባ መመርመሪያና የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም የሚጠየቁት ጎርፉ በሸሸ ሳምንት ነው።

ወደ ሕንፃው ሲመለሱ ደለሉ በአካፋ ይውጣ፣ ወለሉ በሳሙና ይታጠብ፣ ክሎሪን የሚፈሰው ከዚያ በኋላ ነው። ከመታጠቡ በፊት ውሃው ግድግዳው ላይ የደረሰበትን መስመር በቀለም ከነቀኑ ያሳዩ። የጎርፍ ውሃ የነካው ክኒንም ሆነ የጎማ ክዳን ያለው መርፌ ይወገዳል፤ ደርቆ ንጹሕ ቢመስልም። እርጥበት የገባው የስቴራይል ጥቅል ስቴራይል አይደለም። ኤሌክትሪኩን ባለሙያ ሳያየው ማንም አያብራ።

በዚያው ሳምንት ያወጡትን የኤችአይቪና የቲቢ መዝገብ ይዘው ከመጠለያው የተፈናቃዮች ዝርዝር ጋር ስም በስም ያስተያዩ። ምስጢራቸው እንዲጠበቅ ይህን የሚሠራው አንድ የተመደበ ነርስ ብቻ ይሁን። ያልተገኙትን በየቀበሌው ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ «ጤና ጣቢያ ይፈለጋሉ» ብለው፣ ሕመሙን ሳይጠቅሱ ያስነግሩ። ለመጣው ሁሉ መድኃኒቱ የትም ቢሄድ የሚበቃው ያህል፣ ቢያንስ የ1 ወር፣ በውሃ በማይረጥብ ዕቃ ይሰጠው።